አጁሉ የተሸከመችው መልእክት

በጡረታ ደብተሬ ላይ «የግብረ ገብና የአማርኛ መምህር» ተብሎ ተጽፏል። አልዋሹም፤ ደመወዝ ሲከፈለኝ የኖረው በዚያ ስም ነው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት የሰው ደብዳቤ በማንበብ ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ተቆጥቶ የጻፈውን፣ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ደስ ብሎት የጻፈውን፣ ዮሐንስ ከተጋዘበት ደሴት ለሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት የላከውን ሳነብና ስተረጉም ጸጉሬ ነጣ። አንዱም ለእኔ የተጻፈ አልነበረም። ከሥራ ተሰናብቼ ቤት መዋል ስጀምር ግን ከዚያ ሁሉ ይልቅ እኔ ራሴ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ጋምቤላ ሳለሁ፣ የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ሐሳቤን ይይዘው ጀመር።

ሐዲሳትን፣ የሐዲስ ኪዳንን ትርጓሜ ማለት ነው፣ ያስኬዱኝ የኔታ ክንፉ የሚባሉ መምህር ናቸው፤ ጉባኤያቸው ጎንደር አጠገብ ነበር። የኔታ ወንበር ከመዘርጋታቸው በፊት የአንድ መኳንንት መልእክተኛ ሆነው አገር ለአገር በእግራቸው የዞሩ ሰው ናቸው። ስለዚህም ይመስለኛል የሐዋርያትን መልእክት የሚያስተምሩበት መንገድ ከሌሎቹ መምህራን ይለይ የነበረው። በየመልእክቱ ግርጌ ከየት እንደ ተጻፈና በማን እጅ እንደ ተላከ የምትገልጽ አንዲት መስመር አለች። ሌላው መምህር እሷን እንደ ነገሩ አንብቦ ያልፋታል። የኔታ ከእሷ ነበር የሚጀምሩት። «ከግርጌው ጀምር!» ይሉና ጉልበቴን በመዳፋቸው መታ ያደርጉኛል። «ማን ጻፈው? ከየት ሆኖ ጻፈው? ማን ተሸከመው?» ሦስተኛውን ያልመለሰ ተማሪ የዚያን ቀን ትርጓሜ አይሰማም፤ እንጨት ለቀማ ይሄዳል። እኔ እንጨት ስለቅም የከረምኩ ሰው ነኝ።

አንድ ቀን ለምን ስለ ተሸካሚው እንዲህ እንደሚጨነቁ ጠየቅኳቸው። «የላከው ሰው ቤቱ ተቀምጧል» አሉኝ። «የተቀበለውም ቤቱ ተቀምጧል። ውሻ የሚነክሰው መሐል ያለውን ነው።» ይህን ሲሉ ባታቸውን ገልጠው ጠባሳቸውን አሳዩኝ።

ራእይንም እንዲሁ በራሳቸው መንገድ ነበር የሚያስተምሩት። ተማሪ ሁሉ አውሬውን፣ ቀንዱን፣ ቁጥሩን ለመስማት ይቸኩላል። እሳቸው ግን «ቀንድ ከመቁጠራችሁ በፊት ቤት ቁጠሩ» ይላሉ። ራእይም ደብዳቤ ነው ማለታቸው ነው፤ አንድ እስረኛ በባሕር ተከቦ፣ ሊያያቸው ለማይችል ለሰባት አብያተ ክርስቲያናት የጻፈው። ሰባቱ ስሞች የተደረደሩት ሰው በእግሩ በሚያገኛቸው ተራ ነው የሚል ግምትም ነበራቸው። ካርታ አይተው አያውቁም። እኔ ከዓመታት በኋላ በትምህርት ቤት አትላስ ላይ በጣቴ ስከተላቸው ከኤፌሶን ተነስተው ወደ ላይ ወጥተው፣ ዞረው ወደ ሎዶቅያ ሲወርዱ አየሁ። እውነትም የመንገደኛ ዙር ነው። ያን ዕለት የኔታ በሕይወት ቢኖሩ ብዬ እንባዬ መጣ።

የመጀመሪያ ምደባዬ ጎሬ ነበር፤ ብርድና ጭጋግ። ጥቂት ቆይቼ ወደ ጋምቤላ ተዛወርኩ። የቆላ አበል አለው ብለውኝ ነበር፤ አበሉ ከወባ ኪኒን አላለፈም። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ግብረ ገብ ጠመኔ የማያስፈልገው ትምህርት ነው ብለው ማመናቸው ነው። እኔም በቃሌ አስተማርኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በትንሿ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ለሚመጣ ሁሉ ትርጓሜ አሰማ ነበር። የሚመጡት ከደጋ ተመድበው የመጡ ጸሐፊዎች፣ ቁስል የሚያክሙ ድሬሰሮች፣ ወታደሮችና ሾፌሮች ነበሩ፤ አማርኛ የለመዱ ጥቂት አኙዋኮችም ይመጣሉ። ጉባኤው አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፤ ራእይን። ከሱዳን በኩል ጦርነት የሸሹ ሰዎች በኢታንግ አድርገው ይገቡ ነበርና ሰው ሁሉ የዓለም ፍጻሜ በባሮ ወንዝ አቅጣጫ የሚመጣ መስሎታል። ፊት ለፊታችን ሱቅ ያለው የወሎው ነጋዴ አቶ ሰይድ እስላም ቢሆንም ከበረንዳው ሆኖ ያዳምጠኛል። «መምህር! የዓለም መጨረሻ መቼ እንደሆነ ቶሎ ንገሩኝማ» ይለኛል፤ «ጨው ላስመጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

አጁሉን ያወቅኳት በዚያ ጉባኤ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ከኋላ፣ ምሰሶውን ተደግፋ ትቀመጣለች። አማርኛዋ እንደ ጎሬ ሰው የጠራ ነበር። አንድ እሑድ ስለ ባቢሎን ውድቀት ሳነብ ነጋዴዎቹ የሚያለቅሱለት ሸቀጥ ላይ ደረስኩ፤ ወርቁ፣ ሐሩ፣ ቅመሙ፣ ከብቱ፣ ፈረሱ፣ ከሁሉ በመጨረሻ የሰው ነፍስ። ይህን ስል ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። ሰው ሁሉ ዞረ።

«ምን አሳቀሽ?» አልኳት ቆጣ ብዬ።

«ምንም። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር የሚቆጠረው» አለች። «ጌቶች ለእንግዳ ያላቸውን ሲናገሩ እኔን ከበቅሎዎቹ በኋላ ነበር የሚጠሩኝ።»

ጉባኤ ሲታጠፍ ጠበቀችኝና ታሪኳን ነገረችኝ። በልጅነቷ ከባሮ ዳር የወሰዷት ጎሬ የሚኖሩት ግራዝማች ተሰማ ናቸው፤ እኔም ጎሬ ሳለሁ አንዴ ቤታቸው ተጋብዤ ነበር። ክርስትና አስነስተው ደስታ የሚል ስም አወጡላት። እዚያው አደገች፣ ፈጨች፣ ውኃ ቀዳች፣ ሴት ልጅም እዚያው ወለደች። የልጅቷን አባት አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ገበያ በተላከችበት ቀን መንገዱን ይዛ ወረደች። ልጅቷ ግን የግራዝማች ባለቤት ወይዘሮ አስካለ ዘንድ ተኝታ ስለነበረች ልትይዛት አልቻለችም።

«አምስት ዓመቷ ነው። ከእሷ በቀር እዚያ የረሳሁት ነገር የለም» አለችኝ። ይህን ስትል ከቅድሙ ሳቅ አንድም በፊቷ ላይ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ግራዝማች ተከትለዋት ወረዱ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዳዊት የሚደግሙ፣ መጽሐፍ ነክ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኗን ቆርቆሮ ያሠሩትም እሳቸው ነበሩ። ነገሩን ይዘው አውራጃ ገዢው ዘንድ ቀረቡ። ገዢው ሰው ማስቀየም የማይወዱ ሹም ናቸው። ጉዳዩ በጽሕፈት ቤታቸው ደጅ፣ ማንጎው ሥር ተሰማ። የአጁሉ አጎትና ጥቂት የአኙዋክ ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ኦኬሎ የሚባለው የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ፣ የእኔም ወዳጅ፣ መሐል ቆሟል።

«ባርነት በጃንሆይ አዋጅ ከቀረ ቆይቷል» አሉ ገዢው።

«ባርያ ያለ ማን ነው?» አሉ ግራዝማች። «አሳድጌያታለሁ። ክርስትና አስነስቻታለሁ። ልጇም እኔ ቤት ናት። ወደ ቤቷ ትመለስ ነው ያልኩት። ጳውሎስ እንኳ ጠፍቶ የመጣበትን አናሲሞስን ወደ ጌታው ወደ ፊልሞና መልሶ ልኮታል። መምህሩ እዚህ አሉ፤ ይጠየቁ።»

ገዢው ከሸክም የተገላገሉ መሰሉ። «መልካም። መምህር፣ ይተርጉሙልንና እንስማ።»

እዚህ ላይ የእኛን ሙያ ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልናገር። የትርጓሜ መምህር አንዱን ፍቺ መርጦ ሌላውን አይጥልም። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው እያለ ከአባቶች የሰማውን ሁሉ ይደረድራል። አንዱን ማስቀረት ድፍረት ነው፤ ከቀደሙት እኔ እበልጣለሁ ማለት ነው። እኔም በተማርኩት መሠረት ተነስቼ ቆምኩና ጀመርኩ። ጳውሎስ አናሲሞስን ለምን መለሰው? አንድም ክርስቲያኖች የሰው አገልጋይ ያስኮበልላሉ እንዳይባል። አንድም ፊልሞና በግድ ሳይሆን በፈቃዱ በጎ እንዲሠራ። አንድም ሁለቱ ይቅር እንዲባባሉ። አንድም ከእንግዲህ እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ ወንድም እንዲያየው። ከነማስረጃው፣ ከነሐተታው ዘረዘርኩት። አንደበቴ እንደዚያ ቀን ተፈትቶልኝ አያውቅም።

ስጨርስ ገዢው አመሰገኑኝ። «ግሩም ነው። የመጀመሪያው ነገሩን ይጨርሰዋል። የሰው አገልጋይ ያስኮበልላሉ እንዳንባል ትመለስ። ሁለት ፖሊስ ያደርሷታል።»

 ሌሎቹስ ሦስቱ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ግን የተናገርኩት እኔው፣ አንደኛ ያደረግኩትም እኔው ነኝ። ኦኬሎ ለሽማግሌዎቹ ሲያስተረጉም የአጁሉ አጎት በእጁ ግንባሩን ሸፈነ። እሷ ግን እኔን ነበር የምታየኝ።

ኦኬሎ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «መምህር፣ እኔ ብዙ ዓመት ለዳኛ አስተረጉማለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሰውዬ አራት ቃል ከሰጠ፣ ዳኛ የሚወደውን አንዱን ይወስዳል። አንተ ለምን አራት ሰጠህ?»

 ሙያዬን አሳምሬ ሠርቼ ሰው አስበላሁ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሳልሳሳት እንዲህ የወደቅኩት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሰው መነሳት ጀምሯል፣ ግራዝማችም ከገዢው ጋር እጅ እየተነሳሱ ነው። ያኔ ጉልበቴ ላይ የየኔታ መዳፍ ያረፈብኝ ያህል ተሰማኝ። ከግርጌው አልጀመርኩም!

«ጌታዬ ገዢ!» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሏል። «ንባቡ አላለቀም።»

«ምን ቀረ?»

«ግርጌው። መልእክቱን ማን ይዞት እንደሄደ አልነገርኳችሁም።»

ግራዝማች ፈገግ አሉ። መጽሐፍ ያውቃሉ አላልኩም? «አናሲሞስ ራሱ ነዋ» አሉ።

«እርስዎ ተናገሩት፤ አናሲሞስ ራሱ ነው። ታስሮ አልሄደም። ወታደር አልተከተለውም። ጳውሎስ ደብዳቤውን በእጁ ሰጠው፤ ከሮም ተነስቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በእግሩ፣ በራሱ ጊዜ ሄደ። በየትኛውም መታጠፊያ ላይ ደብዳቤውን ጥሎ መሰወር ይችል ነበር። በጳውሎስ ሕግ እንመልሳት ካልን፣ ፖሊሱ ይቅር። እኔ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ እሷ ትያዘው። ፈቃዷ ከሆነ ትሂድ።»

ገዢው ግራዝማችን አዩ። ሽማግሌው ጺማቸውን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡ። ልባቸውን ያገኘሁት ያኔ ይመስለኛል፤ በፖሊስ ተጎትታ ከምትመጣ ይልቅ በእግሯ የጎሬን ገበያ አቋርጣ፣ ሰው እያያት ደጃቸው ብትደርስ ክብራቸው ነው። «ይሁን» አሉ። «በገዛ እግሯ ደጄን ትርገጥ።»

ኦኬሎ ወደ አጁሉ ዞረ። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በአማርኛ ጠየቃት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ይሆናል። «አጁሉ፣ አንቺስ ትሄጃለሽ?»

«ፖሊስ ከሌለ እሄዳለሁ» አለች። «ልጄ እዚያ ናት።»

ያን ዕለት ደብዳቤውን ለግራዝማች ጻፍኩ። የጳውሎስን አካሄድ ተከትዬ፣ ስለ ደግነታቸው አመስግኜ ጀመርኩ። ይህችን ሴት እንደ አገልጋይ ሳይሆን እንደ እኅት ይቀበሏት አልኩ። በደል ካለባት በእኔ ይሁን አልኩ። ልጇን ይስጧት፣ መንገዷንም አይዝጉባት አልኩ። ለአጁሉ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ ከዚያ በሙጫ አሸግኩት፤ እሷም አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። በማግስቱ ወደ ደጋው የሚያስወጣውን መንገድ ይዛ ስትሄድ ከአጎቷ ጋር ቆሜ አየኋት። ፈርቼ ነበር። ደብዳቤ ጽፎ ቤቱ የሚቀመጠው ሰው እኔ ነበርኩ።

ግራዝማች በመኪና ቀድመዋት ሊደርሱ አስበው ነበር። ዝናብ መንገዱን ቆረጠው፤ መኪናቸው ጭቃ ውስጥ አደረና ወደ ጋምቤላ ተመለሱ። በዚያ ላይ ወባ ጣላቸው። አቶ ሰይድ የሱቁን ጓዳ ለቀቀላቸው። እንግዲህ ደብዳቤው ጎሬን ሲፈልግ የተጻፈላቸው ሰው እዚህ ጋምቤላ እየተንቀጠቀጡ ነው። ኪኒን ይዤ እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። አንድ ቀን ትኩሳቱ በርታ ባለባቸው ሰዓት እጄን ያዙኝ።

«መምህር፣ እኔ ክፉ ሰው ነኝ ወይ?»

«ሲሻልዎ እንነጋገራለን» አልኳቸው።

«ክፉ ነህ ማለትዎ ነው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አዘንኩላቸው። በቁጣዬ መሐል ማዘኔ ራሱ አናደደኝ።

አቶ ሰይድ በበኩሉ እንደ ልማዱ ያሾፍብኛል። «ይቺ ልጅ ብትቀርስ መምህር? ያኔ የትኛውን ራእይ ያነቡልናል?» ይለኛል። ሳቄ አይመጣም። እሑድ እሑድ ጉባኤ ዘርግቼ ስለ ሰባቱ አብያተ ክርስቲያናት ሳወራ ዓይኔ ባዶው ምሰሶ ላይ ይተከላል።

ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ አንድ ቡና የጫነ መኪና ከሱቁ ፊት ቆሞ አገኘሁ። አጁሉ ከላይ ወርዳ ሁለት እጆቿን ዘርግታለች። ሾፌሩ አንዲት ትንሽ ልጅ አቀበላት። ልጅቷ አዲስ ቀሚስ ለብሳለች፣ ጸጉሯም ተሠርቷል። እንዳየኋቸው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ።

ግራዝማች በረንዳው ላይ ጋቢ ተከናንበው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ልጅቷን አዩ። ልጅቷም አየቻቸውና ወደ እናቷ ተጠጋች።

«ማን ሰጣት?» አሉ ማንንም ሳያዩ።

«እሜቴ» አለች አጁሉ።

 ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ሸፈኑ። በዚያው ሳምንት ወደ ጎሬ ወጡ፤ ከባለቤታቸው ጋር ምን እንደ ተባባሉ አላውቅም። ዳግመኛ ግን ስለ አጁሉ የጠየቀ ሰው አልመጣም።

አጁሉን ውኃ ካጠጣኋት በኋላ «ደብዳቤዬስ?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ ሥራዬ እንዴት እንደ ሠራ ለመስማት ጓጉቻለሁ።

ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ። እኔ ያሸግኩበት ሙጫ አልተላቀቀም።

«አልሰጠሽም?»

«ጌቶች ያሉት እዚህ ነው። በሩን የከፈተችልኝ እሜቴ ናት። 'መጣሽ?' አለችኝ። 'ልጄን ልወስድ ነው የመጣሁት' አልኳት። ቆማ ቆማ አየችኝ። ደብዳቤውን ሳወጣ 'ለማን ነው?' አለችኝ። ያነበቡልኝን አስታወስኩና 'ለጌቶች' አልኳት። 'የእኔ ስም የለበትም?' አለችኝ። 'የለበትም' አልኳት። 'እንግዲያው መልሰሽ ክተቺው' አለች። ገብታ ልጅቷን አጠበች፣ ጸጉሯን ሠራች፣ ስንቅ ቋጠረችና አወጣችልኝ። ሾፌሩንም ያናገረችልኝ እሷ ናት።»

አጁሉ ልጇን ይዛ ወደ አጎቷ ሄደች። እኔ ቤቴ ገብቼ ወደ ፊልሞና የተላከውን ገለጥኩ፤ ይህን ጊዜ ከራስጌው። ጳውሎስ ደብዳቤውን ለፊልሞና ብቻ አልጻፈውም። ከስሙ ቀጥላ አፍብያ ትጠራለች፤ የፊልሞና ሚስት ናት ይላሉ አባቶች። በቃሌ የማውቀው መስመር ነው። ስንት ተማሪ አስተምሬበታለሁ። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ በዚያ ቤት በር የምትከፍተው ማን እንደሆነች አውቋል፤ ጎሬ ኖሬ፣ የወይዘሮ አስካለን ጠላ ጠጥቼ፣ እኔ አላወቅኩም።

ወዲያው ወረቀት አወጣሁና ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ለክብርት ወይዘሮ አስካለ» ብዬ ጀመርኩ። አመሰገንኳቸው፤ በፊተኛው ደብዳቤ ስማቸውን ስላልጻፍኩም ይቅርታ ጠየቅኩ። ለዚያው ለቡናው ሾፌር ሰጠሁት።

ጳውሎስ ከፊልሞና ቤት መልስ ይምጣለት አይምጣለት የሚያውቅ የለም። ለእኔ ግን መጣልኝ። ወይዘሮ አስካለ መጻፍ ስለማይችሉ በሌላ ሰው እጅ ያስጻፉት ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለበትም።

«ልጅቷ ትምህርት ቤት ገብታ እንደሆነ ላኩብኝ። ወተት ካጠጧት ቶሎ ትተኛለች። ጨለማ ትፈራለችና እናቷ መብራት አታጥፋባት።»